ስለ ጭንቅላት አደን የመመረቂያ ጽሑፍ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብሁት። የመመረቂያ ጽሑፍሽ በልዩ ልዩ የዓለም ሕዝቦች ዘንድ ስለነበረው የጭንቅላት አደን፣ ሰው ገድሎ ጭንቅላቱን ስለ መቁረጥ ልማድ፣ እንደሆነ፣ አማካሪሽ «ዋናውን ምክንያት በአንድ ምዕራፍ አሳዪ» እንዳሉሽ፣ ከሙዚየም ፎቶግራፍ የሚገኝበትንም መንገድ እንደምትፈልጊ ጽፈሻል። በዚሁ ርዕስ ጽፌ ስለተመረቅሁ ያለሽበትን ጣጣ አውቀዋለሁ። ስለ ማጣቀሻ አጻጻፍና ስለ ምዕራፍ አከፋፈል ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ያንን «ዋና ምክንያት» የሚባል ምዕራፍ አትጻፊው። አማካሪሽ ቢቆጡም አትጻፊው። የእኔ አማካሪ መልሱን አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር የጠበቁኝ፤ ጭንቅላት ውስጥ የሕይወት ኃይል አለ፣ ተቆርጦ ወደ መንደር ሲገባ ኃይሉ ለአዝመራውም ለማኅፀኑም ይተርፋል የሚለውን። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያሰራጨው በመካከለኛው ሴሌቤስ፣ በዛሬዋ ሱላዌሲ፣ ይሠራ የነበረው ኔዘርላንዳዊ ሚስዮናዊ አልበርት ክሩይት ነው። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ሮድኒ ኒድሃም በ1976 ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። ጭንቅላት ቆራጮቹ ራሳቸው የሚሉት ጭንቅላት ሲመጣ እህሉ ያምራል ብቻ ነው፤ በመካከል እንደ ኤሌክትሪክ የሚተላለፍ ኃይል የጨመሩት ተመራማሪዎቹ ናቸው የሚል ነው ክርክሩ። ይህን ሳቀርብላቸው አማካሪዬ «አንተ ከእነ ክሩይት ትበልጣለህ?» አሉኝ። አልበልጥም፤ ግን ኢሎንጎቶችን ይዤ ተመለስሁ።

ኢሎንጎቶች በፊሊፒንስ፣ በሰሜን ሉዞን ተራሮች የሚኖሩ ናቸው። የቆረጡትን ጭንቅላት ወደ ቤት አያመጡትም ነበር፤ ወርውረው ይጥሉታል። ታዲያ የሕይወት ኃይሉ የት ገባ? አማካሪዬ እዚህ ላይ ዝም አሉ። ያንን ዝምታ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የማኅበረሰብ አጥኚዎቹ ሬናቶ ሮዛልዶና ባለቤቱ ሚሼል በ1960ዎቹ መጨረሻ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኖረው ነበር። ለምን እንደሚቆርጡ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ አጭር ነው፦ ሰው ሲሞትብን ሐዘኑ ቁጣ ይሆናል፣ ቁጣውን የምንጥልበት እንፈልጋለን። ሮዛልዶ መልሱ ከመጠን በላይ ቀላል መስሎት ለዓመታት ሌላ የጠለቀ ምክንያት ሲያስስ ቆየ። በ1981 ሚሼል እዚያው ሉዞን ውስጥ በመስክ ሥራ ላይ ሳለች ከገደል ወድቃ ሞተች። ሽማግሌዎቹ የነገሩትን እንዳለ የተቀበለው ቁጣውን በራሱ ሐዘን ውስጥ ካገኘው በኋላ እንደሆነ ራሱ ጽፏል። በጽሑፌ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ቦታ የሰጠሁት ለዚህ ነው፤ አንቺም ስጪው።

ከእነርሱ ቀጥሎ በደቡብ ኒው ጊኒ የሚኖሩትን ማሪንድ አኒሞችን አስገቢ። እነርሱ ጭንቅላት የሚሹት ለልጆቻቸው ስም ለማግኘት ነበር፤ ሟቹ ከመገደሉ በፊት ያሰማው ቃል እንደ ስሙ ተቆጥሮ ለሕፃን ይሰጥ ነበር። ዘመቻቸው ድንበር ተሻግሮ የእንግሊዝን ግዛት ስለሚያውክ ኔዘርላንዶች በ1902 መራውኬ ላይ ጣቢያ ከፈቱባቸው። በኢኳዶርና በፔሩ ደኖች የሚኖሩት ሹዋሮች ደግሞ የተገደለው ሰው ነፍስ ወጥታ እንዳትበቀላቸው ነበር የሚደክሙት። ቆዳውን ከራስ ቅሉ ገፍፈው ይቀቅሉታል፣ በጋለ ድንጋይና በአሸዋ ያኮማትሩታል፣ ከንፈሩንም ይሰፉታል። ጻንጻ የሚባለው ይህ ነው። እስቲ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ምክንያት እሰሪልኝ!

2. ጭንቅላቱን ማን እንደገዛው ጠይቂ። ለሹዋሮች ሥርዓቱ ካለቀ በኋላ ጻንጻው ያን ያህል ዋጋ አልነበረውም፤ ዋጋ የሰጠው የውጭ ገዢ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ጭንቅላት በጠመንጃ ይለወጥ ስለነበር ገበያው ግድያውን አባባሰው፤ ከባለቤት አልባ አስከሬንና ከእንስሳት ቆዳ የሚሠራ ሐሰተኛም ተትረፈረፈ። የኒውዚላንድ ማኦሪዎችም ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። የተከበሩ ሙታናቸውን ንቅሳት ያለበት ጭንቅላት ቶይ ሞኮ ብለው ይጠብቁት ነበር፤ የጠመንጃ ንግድ ሲመጣ ግን ለሽያጭ ሲባል የተገደሉ ምርኮኞች ነበሩ። በአውስትራሊያ የእንግሊዝ ግዛት የነበረችው የኒው ሳውዝ ዌልስ ገዢ ዳርሊንግ ንግዱን በ1831 አገደ።

እንግዲህ ይህን ይዤ ነው ወደ አንድ ሙዚየም የሄድሁት፤ ስሙን አልጠራም። አንዱን ጻንጻ «በጦርነት የተገደለ ጠላት» የሚል ጽሑፍ ለጥፈውበታል። ከማን እንደተገዛ የሚገልጸውን የመዝገብ ገጽና አንድ ፎቶግራፍ በደብዳቤ ብጠይቅ መልስ የለም። በአካል ስሄድ ኃላፊው ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ «ለተማሪ መዝገብ አናሳይም፤ ለፈተና ከሆነ የተለጠፈውን ገልብጥና ሂድ» አለኝ። ገልብጥ! የተለጠፈው ትክክል ስለመሆኑ አይደለም እንዴ የመጣሁት? መዝገቡን በኋላ ያሳየኝ የዕቃ ቤቱ ሠራተኛ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠውና። «ከነጋዴ የተገዛ» ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። ጦርነቱንም ጠላቱንም የጨመረው የለጠፈው ሰው ነው። ይህን በጽሑፌ አወጣሁት፤ ከጊዜ በኋላ ያ ጽሑፍ ከመስታወቱ ላይ ተነሥቷል። ኃላፊው ግን እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ አላለኝም።

ስለዚህ ፎቶግራፉን ተዪው፤ መዝገቡን ጠይቂ። የአፍንጫ ጸጉር ካለው እውነተኛ ነው የሚሉሽንም አትመኚ፤ የሰው ቆዳ መሆኑን እንጂ የሹዋር ሥርዓት መሆኑን አያሳይም። ደግሞም ዘመኑ ተለውጧል። የኦክስፎርዱ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም በ2020 ጻንጻዎቹን ከሌሎች የሰው ቅሪቶች ጋር ከዕይታ አንሥቷል። ፈረንሳይ በ2012 ሃያ የማኦሪ ጭንቅላቶችን መልሳለች። በ2024 እንግሊዝ ውስጥ በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ከሚኖሩት ናጋዎች የአንድ ሰው የራስ ቅል ለጨረታ ሊቀርብ ሲል ከናጋላንድ በተነሣው ተቃውሞ ከሽያጭ ወጥቷል። የልጅ ልጆቹ ያሉትን ሰው ፊት በሽፋን ገጽ ላይ ማተም ነው ወይ የፈለግሽው?

3. «ቅኝ ገዢዎች መጥተው አስቆሙት» ብለሽ እንዳትደመድሚ። በቦርኔዮ ደሴት ባለችው በሳራዋክ ከ1841 ጀምሮ የገዛው እንግሊዛዊው ጄምስ ብሩክ ጭንቅላት ቆራጮችን እቀጣለሁ ብሎ ሲዘምት የአገሩን ተወላጆች ኢባኖችን አሰልፎ ነበር፤ እነርሱም በዘመቻው ጭንቅላት ቆርጠው ይመለሱ ነበር። በ1945 በቦርኔዮ ከጃፓን ጋር የተዋጉት የተባባሪዎቹ ጦር መኮንኖችም የዳያኮችን (ኢባኖችን ጨምሮ የቦርኔዮ ተወላጆች የሚጠሩበት ስም ነው) አሮጌ ልማድ ሲያዩ አይናቸውን ጨፍነዋል። በአንጻሩ በ1894 በኔዘርላንድ ሥር በነበረው ቦርኔዮ ቱምባንግ አኖይ በተባለ መንደር ዳያኮቹ ራሳቸው ተሰብስበው ልማዱን ለመተው ተማምለዋል። የኔዘርላንድ መንግሥት ግፊት ነበረበት፤ መሐላው ግን የእነርሱ ነው።

ፈታኙ የጠየቁኝም ከዚሁ የተነሣ ነው፦ «የአውሮፓ ወታደር ቢቆርጥስ ምን ትለዋለህ?» በዛሬዋ ታንዛኒያ የሚኖሩትን ሄሄዎች ይገዛ የነበረውን ንጉሥ ምክዋዋን ጠቀስሁላቸው። በ1898 ከሞተ በኋላ ጀርመኖች ጭንቅላቱን ወሰዱት፤ በ1919 የቬርሳይ ውል አንቀጽ 246 እንዲመለስ አዘዘ፤ አገሩ ታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ የደረሰው ግን በ1954 ነው። የምዕራፉን ርዕስ በዚያው ቀን እንድለውጥ አዘዙኝ፤ በደስታ ለወጥሁት። አማካሪዬ አሁን ያንን ምዕራፍ ለሌሎች ተማሪዎች እንደሚያነቡላቸው ሰምቻለሁ።

የጥንቶቹን ስኩቴሶችንና ኬልቶችን በዝርዝርሽ ካስገባሻቸው አውጪ። ስለ እነርሱ የምናነበው እንደ ሄሮዶቱስና ስትራቦን ያሉ የውጭ ሰዎች የጻፉትን ነው፤ «ለምን ቆረጣችሁ?» ተብለው የመለሱት ቃል በእጃችን የለም። ጊዜሽንም ይበላሉ።