ጥግ ልያዝ ወይስ መሃል? የሞተረኞች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ጎማ ንፋስ ጽፈን ነበር፣ የመጣው ደብዳቤ ግን አብዛኛው ስለ ጎማ ሳይሆን መንገዱ ላይ የቱ ጋ ሆኖ መንዳት እንዳለበት ሚጠይቅ ሆነ። እሺ ይሁን፣ ዛሬ እሱን እናውራ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔ ዴሊቨሪ ነው ምሰራው፣ ከአያት መገናኛ ቀኑን ሙሉ ስመላለስ ነው ምውለው። ማሰልጠኛ ስማር አስተማሪው "የሞተር ቦታው ቀኝ ጥግ ነው፣ መሃል ከገባህ አለቀልህ" ይለን ነበር፣ እኔም እንደሱ ነው ምነዳው። ግን ጥግ ጥጉን ስሄድ መኪኖቹ ጭራሽ ታከውኝ ያልፋሉ፣ ሚኒባስ ደሞ ፊቴ ላይ ገብቶ ቀጥ ይላል። አብረውኝ ሚሰሩት ልጆች መሃል ግባ ይሉኛል። ማንን ልስማ? (ዴሊቨሪው፣ ከአያት)

መልስ፦ ልጆቹን ስማ፣ ግን ለምን እንደሆነ አውቀህ ስማቸው። አስተማሪህም ክፉ አስቦ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ሚሄድ በቀኝ ረድፍ ይሂድ ሚባለው ትክክል ነው፣ እሱ ግን ረድፉን ትቶ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ሰቀላችሁ። ረድፉ ሙሉው ያንተ ነው። አንድ ረድፍ ሶስት ሜትር ምናምን ስፋት አለው፣ ያንተ ሞተር መሪው አንድ ሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ እዛው ረድፍህ ውስጥ ምትመርጠው ቦታ አለህ ማለት ነው፦ የመኪና ግራ ጎማ ሚረግጠው፣ መሃሉ፣ የቀኝ ጎማ ሚረግጠው። ጠርዙ ከነዚህ ውስጥ የለም።

ጠርዙ ላይ ምን እንዳለ ደሞ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጎርፍ ጠርጎ ያመጣው አሸዋ፣ ጠጠር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ክዳኑ ተሰርቆ አፉን የከፈተ ማንሆል፣ የእግረኛ መንገዱን ነጋዴ ስለያዘበት አስፋልት ላይ ወርዶ ሚሄድ ሰው። ከዚህ ሁሉ ሚከፋው ግን ከኋላህ ያለው ሹፌር ነው፣ አንተ ጥግ ስትይዝ "አልፍበታለሁ" ብሎ ያስባል፣ ረድፍ ሳይቀይር እዛው አጠገብህ ይሰነቀራል። አንተ የረድፉን ግራ ስትይዝ ግን ለማለፍ የግድ ወደ ሌላው ረድፍ መውጣት አለበት። ክላክስ ያደርግብህ ይሆናል። ያድርግ፣ ክላክስ ካደረገ አይቶሃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ሚኒባሱ። ፊትህ ያለው ሚኒባስ ፍሬቻ እስኪያሳይ ከጠበቅክ ትጠብቃለህ፣ ረዳቱን ነው ማየት ያለብህ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ ካየ፣ ወይ ተንሸራታቹን በር ገርበብ አድርጎ እግሩን መረገጫው ላይ ካወረደ፣ ውስጥ አንዱ "ወራጅ አለ" ብሏል ማለት ነው፣ አንተ አልሰማህም እንጂ ሹፌሩ ሰምቷል። ጠርዙ ላይ ቆሞ እጁን ሚዘረጋ ሰው ካየህም ያው ነው፣ ሚኒባሱ ከግራ ረድፍ ቢሆንም ሁለት ረድፍ አቋርጦ ይመጣለታል። በሩ በቀኝ ነው ሚከፈተው፣ ስለዚህ በሚኒባሱና በጠርዙ መሃል ሾልኬ ልለፍ ስትል ወራጁ ደረት ላይ ነው ምትገባው። ከኋላው የግራ ጎማውን መስመር ይዘህ፣ ራቅ ብለህ ተከተል። እዛ ጋ ስትሆን ከሱ ፊት ያለውን መንገድ ታያለህ፣ ሹፌሩም በግራ ስፖኪዮው ያይሃል።

ራቅ ስልህ ስንት ነው ካልክ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ትጓዛለህ፣ ፍሬን ለመያዝ እስክታስብ ድረስ ብቻ አንድ ሰከንድ ምናምን ያልፋል። ፊትህ ያለው መኪና አንዱን የመብራት ፖል ሲያልፍ "አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት" በል፣ ሳትጨርስ አንተም ፖሉ ጋ ከደረስክ በጣም ቀርበሃል። በዝናብ እጥፍ አድርገው።

መሃሉን ሚሉህስ? በደረቅ መንገድ ክፋት የለውም፣ ግን ትራፊክ መብራት ጋና ተሽከርካሪ ተሰልፎ ሚቆምበት ሁሉ የረድፉ መሃል ዘይት ነው፣ መኪና ቆሞ ሚያንጠባጥበው እዛው ነው። አቧራና ዘይት ከርሞ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው አስፋልቱ ሳሙና ይሆናል፣ ከባድ ዝናብ አጥቦት እስኪወስደው ድረስ ጎማ የረገጠውን ዱካ ያዝ። እርጥብ ዜብራ፣ የማንሆል ክዳን፣ ኮብልስቶን ላይ ደሞ መሪ አትጠምዝዝ፣ ፍሬንም በድንገት አትያዝ፣ ቀጥ ብለህ እለፍ።

ግራ ይሻላል ስልህ ግን ተለጥፈህበት ዋል ማለቴ አይደለም። ጠባብ መንገድ ላይ ከፊት ደርቦ ሚመጣ መኪና ካለ ወደ ቀኝ ትላለህ፣ ቀኝ ላይ የቆሙ መኪኖች ካሉ በር ይከፈትብኛል ብለህ ወደ ግራ ትላለህ፣ ግራም ቀኝም ስጋት ካለ መሃል ገብተህ ፍጥነት ትቀንሳለህ። ከመንቀሳቀስህ በፊት ስፖኪዮ፣ ከዛ ደሞ አንገትህን አንዴ ዞር። ሲኖትራክ አጠገብ ከሆንክ በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩን ፊት ፈልግ፣ ፊቱ ካልታየህ አንተም አትታየውም። ወደ ቀኝ ሚታጠፍ ገልባጭ ካለ በቀኙ በጭራሽ እንዳትገባ፣ የፊቱ ጎማ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፣ የኋላው ግን ጠርዙን እየላሰ ነው ሚመጣው።

ጥያቄ፦ ካሊፎርኒያ ያለው የአጎቴ ልጅ እዛ ሞተር በመኪኖች መሃል እየሾለከ ማለፍ በህግ የተፈቀደ ነው አለኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ እዚህ ሲደረግ ለምን እንደ ጥፋት ይወራል? (ከሳሪስ)

መልስ፦ እውነት ነው። ካሊፎርኒያ ህጉን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ በ2016 ነው፣ ከዛ በፊትም ፖሊስ ዝም ይል ነበር። እዛው የተሰራ ጥናትም አለ፣ መኪናው ከ80 ኪሎ ሜትር በታች እየሄደ ሞተሩ ከመኪናው በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ሲፈጥን ጉዳቱ ያን ያህል እንዳልሆነ፣ ከዛ ሲያልፍ ግን እንደሚከፋ ያሳያል። ስለዚህ የአጎትህ ልጅ አልዋሸህም።

ግን እዛ ሹፌሩ ረድፉን ይዞ ነው ሚሄደው፣ ሞተር እንደሚመጣም ለምዶ ይጠብቃል። እዚህ በሁለት ረድፍ ቦታ ሶስት መኪና ነው ተጣብቆ ሚቆመው። በመሃላቸው ማስቲካና ሶፍት ሚሸጡ ልጆች አሉ፣ ከአውቶብስ ፊት ድንገት ሚወጣ እግረኛ አለ፣ ታክሲው ሳይንቀሳቀስ በር ከፍቶ ሚወርድም አለ። የኔ ሃሳብ ከፈለግክ፣ መኪናው ሁሉ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ የእርምጃ ያህል ፍጥነት ይዘህ፣ ጣትህን ፍሬኑ ላይ አድርገህ እለፍ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሰልፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ክፍተት ፈልገህ ግባ፣ ሩጫው ይቅርብህ። በሁለት ትላልቅ መኪኖች መሃልስ ቢቆሙም አትግባ።

ጥያቄ፦ እኔ ሞተረኛ አይደለሁም፣ ቪትዝ ነው ምነዳው። ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ከፊት ለፊት ሞተር ከየት መጣ ሳልለው አጠገቤ ይደርሳል። እውነት እነሱ ናቸው ሚያብዱት ወይስ እኔ ነኝ ማላየው? (ከሲኤምሲ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም አለ፣ ግን እንዳንቺ ደፍሮ ሚጠይቅ ሹፌር ትንሽ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃሪ ኸርት ሚባሉ ተመራማሪ 900 ገደማ የሞተር አደጋ መርምረው እ.ኤ.አ በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተደረጉት ግጭቶች ሁለት ሶስተኛው የመኪናው ሹፌር የሞተሩን ቅድሚያ ስለነፈገ የደረሱ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደሞ ወደ ግራ ሲታጠፍ። የሹፌሮቹ መልስ ያው ያንቺ ነው፣ አላየሁትም።

ሞተር ከፊት ሲመጣ ቀጭን ነው፣ አይን መኪና እየፈለገ ያልፈዋል፣ ርቀቱንና ፍጥነቱንም ለመገመት ይከብዳል። ከፊት መስታወቱ ዳር ያለው ብረት ደሞ አንድ ሙሉ ሞተር ከነሰውየው ይሸፍናል፣ መኪናሽ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ሞክሪው። ከመታጠፍሽ በፊት ከወንበርሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብለሽ ከብረቱ ኋላ እዪ፣ ከዛ አንዴ ድገሚ። ወደ ግራ ሚታጠፍ ቀጥታ ለሚመጣው ቅድሚያ መስጠት አለበት፣ ህጉ እንደዛ ነው። ሞተረኞች ደሞ ይሄን እያነበባችሁ ከሆነ፣ ቀንም ቢሆን አጭር መብራት አብሩ፣ መስቀለኛ ጋ ስትደርሱ ጋዝ ቀንሱ፣ በትልቅ መኪና ጥላ ተደብቃችሁ አትግቡ። የቪትዟ ባለቤት አውቶብሱ አለፈ ብላ ስትታጠፍ ከኋላው እናንተ ናችሁ ያላችሁት።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ ለፋሲካ በሞተር ደብረ ማርቆስ ልሄድ አስቤያለሁ። አባይ በረሃን እንዴት ልውረደው? ኩርባው ላይ የቱን መስመር ልያዝ? (ከአስኮ)

መልስ፦ መጀመሪያ መንገዱ ሰላም መሆኑን እዛ ሰፈር ሚመላለስ ሰው ጠይቀህ ውጣ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው ምትወርደው፣ አስፋልቱም መሬቱ እየተንሸራተተ ቦታ ቦታ ላይ ተንጋዷል፣ ተሰነጣጥቋል፣ ስለዚህ አይንህ መንገዱ ላይ ይሁን፣ ገደሉን አቁመህ ታየዋለህ።

መስመሩን በተመለከተ፣ ወደ ግራ ሚዞር ኩርባ ላይ የረድፍህን ቀኝ ያዝ፣ አርቀህ ታያለህ ከሚመጣውም ትርቃለህ፣ ጠጠሩ ጋ ግን አትድረስ። ወደ ቀኝ ሚዞረው ላይ መጽሃፍ ሚለው ለማየት እንዲመች ወደ ግራ ጠጋ በል ነው፣ አባይ ላይ ግን አልስማማም። ተሳቢ የጫነ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ኩርባው ላይ የግድ ወዳንተ ረድፍ ይገባል፣ ሌላ መዞሪያ የለውም። ከመሃል አትለፍ፣ ፍጥነትህንም ኩርባው ሳይጀምር ጨርሰህ ቀንስ፣ ዞረህ ሳለ የፊት ፍሬን መያዝ ያስጥላል። በከባድ ማርሽ፣ በሁለት ወይ በሶስት ውረድ፣ ፍሬኑን ሙሉ ቁልቁለቱን ከረገጥከው ይግልና መያዝ ያቆማል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ከመጣብህና ከኋላህ ጭነት መኪና ካለ፣ ቀጥታ ቦታ ፈልገህ ዳር ይዘህ አሳልፈው። ከተጫነ መኪና ፊት ፊት እየሄዱ ቁልቁለት መውረድ ምንም አይጠቅምህም።

ማታ አትሂድ። የተበላሸ መኪና መብራት ሳይኖረው ኩርባ ላይ ቆሞ ያድራል፣ ምልክቱ ያው የተቆረጠ ቅጠልና ድንጋይ ነው። አስፋልት ላይ ቅጠል ካየህ ቀንም ቢሆን ወዲያው ፍጥነት ቀንስ። ሰውየው መኪናውን ጠግኖ ሲሄድ ቅጠሉን ነፋስ ይወስደዋል፣ ድንጋዩን ግን ሚያነሳው የለም፣ ለሞተር ደሞ እሱ ነው ጦሱ።