ጣት እንዳይቆፍን፦ ስለሚሞቁ የሞተር ጓንቶች ጥያቄና መልስ

ብርዱ እየገባ ሲመጣ ከሞተረኞች የሚደርሰኝ ጥያቄ ይበዛል። ዘንድሮ አብዛኛው ስለ ኤሌክትሪክ ጓንት ነው። ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ይህ የምቾት ነገር ብቻ አይደለም። የቆፈነ ጣት ፍሬን በጊዜው አይዝም።

«ከሙኒክ ዳርቻ ወደ ሥራ ለመሄድ አንድ ሰዓት ያህል እነዳለሁ። ሞተሬ 650 ሲሲ ነው። በባትሪ የሚሠራውን ልግዛ ወይስ በሽቦ ከሞተሩ ጋር የሚያያዘውን?»

በሽቦ የሚያያዘውን ግዛ ወንድሜ። በባትሪ የሚሠሩት ብዙዎቹ 7.4 ቮልት ናቸው፤ በየእጅጌያቸው ትንሽ የሊቲየም ባትሪ ይገባል። በከፍተኛው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያሉ። ብርዱ ራሱ የባትሪውን አቅም ይቀንሰዋል፤ ባትሪው ሲያረጅ ደግሞ ይብሳል። ማታ ቻርጅ ማድረግ ከረሳህ ጠዋት በቀዝቃዛ ጓንት መውጣትህ ነው።

በሽቦ የሚያያዘው 12 ቮልት ነው። ጥንዱ ከ25 እስከ 30 ዋት ገደማ ይወስዳል። ያንተ ሞተር ዲናሞ ይህን አይቸገርም፤ ሞተሩ እስካልጠፋ ድረስም ሙቀቱ አያልቅም። ሽቦውን ከሞተሩ ባትሪ ጋር ስታስገጥም ፊውዝ እንዲኖረው አደራ። ከዚያ በጃኬትህ እጅጌ ውስጥ ይሄዳል። ስትወርድ መንቀሉን ብትረሳ አትደንግጥ፤ መሰኪያው ሲጎተት እንዲላቀቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ ጓንቱን አብርተህ አትቀመጥ፤ ባትሪህን ይጨርስብሃል። በሁለቱም መንገድ የሚሠሩ ጓንቶችም አሉ። ዋጋቸው ግን ጠንከር ይላል።

«ይህን ያህል ያስፈልጋል ወይ?» ካልከኝ ነፋሱን አስብ። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትነዳ፣ ያልተሸፈነ ቆዳ የሚሰማው ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ያህል ነው። በ0 ዲግሪ በ80 ስትነዳ ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ይጠጋል። መሪ ላይ ያለው እጅህ ይህን ነፋስ ፊት ለፊት ነው የሚቀበለው።

«የሚሞቅ የበረዶ ሸርተቴ ጓንት በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ያው ሙቀት አይደል?»

እባክህ አትግዛው። ሰው ሲወድቅ አስቀድሞ የሚዘረጋው እጁን ነው። ያ ጓንት የተሠራው በረዶ ላይ ለሚወድቅ ሰው ነው፤ አስፋልት ሲፈትገው መዳፉ ይቀደዳል። በአውሮፓ ለሞተር ጓንት የወጣው መለኪያ ኢኤን 13594 (EN 13594) ይባላል። ውስጡ በተሰፋው የምልክት ጨርቅ ላይ የሞተረኛ ሥዕል፣ ይህን ቁጥርና ደረጃውን ፈልግ። ደረጃው 1 ወይም 2 ነው፤ 2 ይበልጣል። «ኬፒ» (KP) የሚል ከተጨመረበት የጣት አንጓዎችን የሚሸፍነው መከላከያም ተፈትኗል ማለት ነው። በእጅ አንጓ ላይ የሚጠብቅ ማሰሪያ ከሌለው ደግሞ ምንም ቢሞቅ ተወው፤ ስትወድቅ ከእጅህ ይወልቃል።

«ልጄ ደብረ ብርሃን ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በ150 ሲሲ ሞተር ዕቃ ያደርሳል። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ፤ ለገና አገር ቤት ስሄድ ጓንት ልወስድለት አስቤአለሁ።»

እናቴ፣ ጥሩ አስበዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በንጋት ሞተር ላይ ላለ ሰው ከባድ ነው። ለእሱ ግን በባትሪ የሚሠራው ይሻላል። የትንሽ ሞተር ዲናሞ ትርፍ ኃይሉ ጥቂት ነው። የፊት መብራቱ ብቻ ብዙ ጊዜ 35 ዋት ይወስዳል፤ ጓንቱ ሲጨመርበት ባትሪው ቀስ በቀስ ሊደክም ይችላል።

ከመግዛትዎ በፊት የቻርጀሩን ጀርባ ይመልከቱ። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካለ ኢትዮጵያም ይሠራል። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል። አውሮፕላን ላይ ባትሪዎቹን ከጓንቱ ነቅለው በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ እንጂ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይስጡ። ከተቻለዎት ትርፍ ጥንድ ባትሪም ይጨምሩለት።

አንድ ነገር ልለምንዎት። መሪው ላይ የሚታሰር፣ እጅ የሚገባበት ወፍራም ሽፋንም ይውሰዱለት። ርካሽ ነው፤ ነፋሱን ይቆርጣል፤ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ሳይሞላ ባደረ ቀን የሚያድነው እሱ ነው። ሲያስረው ግን ፍሬኑንና ፍሪሲዮኑን እንዳይነካበት፣ እጁም በቀላሉ ገብቶ እንዲወጣ ቆሞ ይሞክረው።

«ስቶክሆልም ምግብ አደርሳለሁ። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጌ እንኳ የጣቶቼ ጫፍ ይደነዝዛል። ጓንቱ ተበላሽቶ ነው?»

ላይሆን ይችላል እህቴ። መጀመሪያ ልኩን እዪ። የጠበበ ጓንት ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ከሰፋ ደግሞ ማሞቂያው ሽቦ ከጣትሽ ይርቃል። እጅሽን ጨብጠሽ መሪ የያዝሽ ስታስመስዪ ጫፉ ሊጫንሽ አይገባም። ሁለተኛ፣ ደረትሽን አሙቂ። ሰውነት ሲበርደው ለልብና ለሳንባ ሙቀት ለማቆየት ወደ እጅና እግር የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ደረትሽ እየበረደው ጓንቱ ብቻውን አይችልም። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ከውስጥ ከሱፍ ልብስ ጋር ልበሺ። ሦስተኛ፣ ከቤት ከመውጣትሽ በፊት አብሪው። የቀዘቀዘ እጅን ከማሞቅ የሞቀን ማቆየት በጣም ይቀላል።

«የስኳር ሕመም አለብኝ። የሚሞቅ ጓንት ልጠቀም?»

መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። ስኳር የጣት ስሜትን ሊያደክም ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ሙቀቱ ቆዳዎን ሲያቃጥል ላይሰማዎት ይችላል። ሐኪሙ ከፈቀደልዎት ዝቅተኛውን ሙቀት ብቻ ይጠቀሙ፤ ከውስጥ ስስ ጓንት ያድርጉ፤ በቆሙ ቁጥር አውልቀው ጣቶችዎን ይመልከቱ። ስኳር የሌለባችሁ፣ ግን በብርድ ጣቶቻችሁ ወረቀት እስኪመስሉ የሚነጡ ሰዎችም ጓንት ገዝታችሁ ዝም አትበሉ። ሐኪም ይየው።

«የሚሞቅ የመሪ እጀታ ካለኝ ጓንቱ ምን ያደርግልኛል?»

እጀታው የሚያሞቀው መዳፍን ነው። ነፋሱ የሚመታው ግን የእጅን ጀርባና የጣቶችን ጫፍ ነው፤ ጓንቱ ሽቦውን የሚዘረጋው እዚያ ነው። ለአጭር የከተማ መንገድ እጀታው ይበቃሃል። ረጅም መንገድ የምትነዳ ከሆነ ጓንቱን ጨምር።

«እንዴት ይታጠባል?»

መጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ አንብብ። ብዙውን ጊዜ ባትሪው ይወጣና በእጅ፣ በለብታ ውሃ ይታጠባል። አትጭመቀው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ይበጠሳል። ምድጃ ወይም ማሞቂያ ላይም አታስጣው። የብርዱ ወቅት ሲያልቅ ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተህ ቀዝቀዝ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ከውጭ የገባ የቀዘቀዘ ባትሪ ደግሞ ቤት ውስጥ እስኪሞቅ ጠብቀህ ነው ቻርጅ የምታደርገው።