ውሃችሁን ይዛችሁ ኑ፦ ስለ አፋር የእሳተ ገሞራ ጉዞ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በአፋር መንገድ 16 ዓመት ሹፌርም የጉዞ መሪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ስለ አራት ቀኑ ጉዞ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ እዚህ በጋራ እመልሳለሁ። ሁለት ቀን አፍዴራ አካባቢ የወደቀውን የእሳተ ገሞራ አመድ በበጎ ፈቃድ እናጸዳለን። ተራራው ከፈቀደ አንድ ሌሊት ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ በእግር እንወጣለን። ቀሪው መንገድ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ውሃችሁን ይዛችሁ ኑ።

የሸገር ልጅ፦ ጋሼ፣ አሁን መሄድ ይቻላል?

ጉዞው የሚወሰነው በሳምንቱ ነው። ከሰመራ ፈቃድ ሳናወጣና የአካባቢው ሰው አብሮን ሳይኖር መኪና አላስነሳም። ወሩ ከህዳር እስከ ጥር ቢሆን ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ይበረታል።

ነርሷ፦ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አመዱ አፍዴራ ድረስ ወርዷል። ለሥራው ምን ዓይነት ጭምብል እንያዝ?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሃይሊ ጉቢ የፈነዳው ህዳር 14 ቀን 2018 ነው። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ህንድ ደረሰ። ዓለም ያወራው በአመዱ ምክንያት በረራቸው ስለተስተጓጎለው አውሮፕላኖች ነው። እኔን ያሳሰበኝ እዚሁ የወደቀው ነው። ይህ የምድጃ አመድ አይደለም፤ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ፍየል ከሣር ጋር ስትበላው ጥርሷን ይሞርዳል፣ ሆዷንም ይጎዳል። ክፍት ቢርካ (የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ውስጥ ከገባ ውሃው ይበላሻል። ቆርቆሮ ጣራ ላይ ተከምሮ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይከብዳል፣ ይጋገራል።

ስለዚህ ኤን-95 ጭምብል ያዙ። ሻርፕ ብቻውን አይበቃም። መነጽራችሁ ዙሪያውን የሚዘጋ ይሁን። የዓይን ሌንስ የምታደርጉ ቤት ተዉት። በደረቁ አትጥረጉ፤ መጀመሪያ ትንሽ ውሃ እርጩበት፣ እሱም እኛ ይዘነው ከመጣነው ውሃ ይሁን። አስም ያለበት ሰው ወደዚህ ሥራ አይመጣም። እያወቅኩ ይዤው አልሄድም።

ከዋሽንግተን፦ በሁለት ሻንጣ ልብስና መድኃኒት ሰብስቤያለሁ። ለማን ላስረክብ?

መድኃኒቱን አታምጪ። የጤና ባለሙያ ሳይጠይቅ የመጣ መድኃኒት ችግር ነው። ልብሱም ይቅር። የተጠየቅነው ጄሪካን፣ ሮቶ፣ ለትምህርት ቤቱ ጣራ አሸንዳ እና ለቢርካው ክዳን ነው። በገንዘቡ እነዚህን ሰመራ ወይም ሎጊያ ብንገዛ የአገሩም ነጋዴ ይጠቀማል።

ካሳንቺስ፦ ይቅርታ ግን ሁለት ቀን ምን ይሠራል? ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው። ብሩን ብትልኩት አይሻልም?

ነርሷ፦ ብሩ ብቻውን ቢርካ አያጸዳም እኮ።

ካሳንቺስ፦ እዚያ የሚያጸዳ ጉልበት ጠፍቶ ነው? ወጣቱን በቀን ክፍያ ማሠራት ይቻላል።

ሎጊያ፦ እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ሰው መምጣቱን አንጠላም፤ የምንጠላው ሳይጠይቅ ሲመጣ ነው። አንድ ጊዜ ችግኝ ይዘው መጡ። ማን ያጠጣው? እኛ ራሳችን ውሃ የለንም። ሁሉም ደረቀ።

ካሳንቺስ፣ ግማሹ እውነትህን ነው። ለዚህም ነው ከወጪው ላይ ለአካባቢው ወጣቶች የቀን ክፍያ የሚወጣው። የሥራው አለቆች እነሱ ናቸው፤ እኛ አካፋ ያዥ ነን። ፎቶን በተመለከተ፦ ሕፃናትን አታንሱ። አዋቂን ካልፈቀደ አታንሱ።

ሚሚ፦ ዋጋው ስንት ነው?

በውስጥ መስመር።

የሸገር ልጅ፦ ውሃውን ግን እዚያ መግዛት አይቻልም? መኪናው ይከብዳል ብዬ ነው።

ይክበድ። ለምን ይህን ደጋግሜ እንደምል ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ሰባት እንግዶች ይዤ ስሄድ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር አስቤ ጫንኩ። መኪናው አሸዋ ውስጥ ገባና አንድ ቀን ሙሉ ቆምን። በማግስቱ ውሃችን አለቀ። ጥቂት ጎጆዎች አጠገብ ደርሰን ለመንን። አንዲት እናት ጄሪካኗን አንስታ ለሁላችን ቀዳች። እንግዳ አይጠማም ብላ ነው። ጠጣን፣ አመሰገንን። በኋላ ሳጣራ ያንን ውሃ ለመቅዳት ጎህ ሳይቀድ ወጥታ እኩለ ቀን ላይ ነው የተመለሰችው። እዚያ ቤት አራት ልጆች ነበሩ። ልንረዳቸው ሄደን የልጆቿን ውሃ ጠጣን። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ለአንድ ሰው በቀን አሥር ሊትር ነው፣ ለመጠጥም ለሌላውም። በላዩ ላይ ለአንድ ሙሉ ቀን የሚበቃ መጠባበቂያ እጭናለሁ። ኦአርኤስ (በውሃ በጥብጠው የሚጠጡት የጨውና የስኳር ዱቄት) በየኪሳችሁ ይኑር። አንድ ሰው በዚያ ሙቀት ግራ ሲጋባ ወይም ንግግሩ ሲንተባተብ ካያችሁ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ሰውነቱን አርጥቡት፣ ወዲያው ጥሩኝ። «ትንሽ ደክሞት ነው» አትበሉ።

አራት ኪሎ፦ የላቫ ሐይቁን ቀርቦ ማየት ይቻላል? በድሮ ቪዲዮዎች ሰዎች ጠርዙ ላይ ቆመው አይቻለሁ።

ድሮ የታየው ዛሬ የለም። ኤርታሌ ከፍታው 613 ሜትር ብቻ ነው። በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» እንደ ማለት ነው። ጥር 2009 ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ላቫው በጎን በኩልም ቀዶ ወጣ። ሐምሌ 8 ቀን 2017 እንደገና ፈነዳ። ቅርጹ በየጊዜው ይለዋወጣል። የምታዩት እሳት ሊሆን ይችላል፣ ጭስ ብቻም ሊሆን ይችላል።

ጠርዝ ላይ አትቁሙ። ላቫው ላዩ ሲቀዘቅዝ ቅርፊት ይሠራል፤ ሥሩ ግን ፈስሶ ሄዶ ባዶ ሊሆን ይችላል። እግር ሲያርፍበት ይሰበራል፤ ስባሪው እንደ ምላጭ ነው። መሪው በረገጠበት ብቻ ርገጡ። ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጉ፤ ሁለት የእጅ ባትሪ ያዙ። ነፋሱ ምንጊዜም ከጀርባችሁ ይሁን። የድኝ ሽታ ጉሮሮ ከቆረጠ መፍትሔው መራቅ ነው። እርጥብ ጨርቅ ጋዙን አያቆምም።

ፒያሳ፦ በመቀሌ በኩል ይሻል ነበር። ዳሎልንም ታያላችሁ።

ሎጊያ፦ በሰመራ ነው እንጂ! አስፋልቱ አፍዴራ ድረስ ይወስድሃል።

ፒያሳ፦ ዳሎልን ሳያዩ አፋርን አየሁ ማለት አይቻልም። ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ ቦታ ነው።

ሎጊያ፦ የአፍዴራ ሐይቅም ከባሕር ጠለል በታች ነው። ጨው ከፈለግክ እኛም ጋ ሞልቷል።

ወንድሞቼ፣ ጉዟችን በሰመራ ነው። ዳሎል በዚህ ጉዞ የለም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ተማሪዋ፦ ኔትወርክ አለ? እናቴ ካልደወልኩ ትጨነቃለች።

በአብዛኛው መንገድ የለም። ቀድመሽ ንገሪያት። ግን ስለ ዳጉ ሰምተሻል? ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፦ የት ዘነበ፣ ሣሩ የት ነው፣ ማን ታመመ፣ ምን እንግዳ መጣ። የሰማ ሰው ያልጨመረበትንና ያልቀነሰበትን ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። እኛ አሸዋ ውስጥ በቆምንበት ቀን የደረሱልን ሰዎች መቆማችንን የሰሙት በዳጉ ነበር። ስለዚህ መሪያችን መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወራ «እንሂድ፣ መሸብን» አትበሉ። ስለፊታችን መንገድ እየጠየቀ ነው።

ሚሚ፦ የ14 ዓመት ልጄን ላምጣ?

አይሆንም። ወንጪ ውሰጃት፤ እዚያም እሳተ ገሞራ የሠራው ሐይቅ አለ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው።

ቦሌ፦ ውሃ ስንት ሊትር ነበር? ደግሞስ ሌላ ምን ልያዝ?

ከላይ ተጽፏል። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። አሥር ሊትር፣ በቀን፣ ለአንድ ሰው።

ሎጊያ፦ ጋሼ፣ ሽማግሌዎቹን ዛሬ አነጋገርኳቸው። አሸንዳው ቆይቶ ቢመጣም ግድ የለም፣ መጀመሪያ የቢርካው ክዳን ይሁን አሉ። ልኬቱን ነገ እልክልሃለሁ።

ተባረክ። እንግዲህ ክዳኑ ይቀድማል። ብየዳ የሚችል ሰው ካለ እጁን ያውጣ።