ለ5 ወር ልጇ የአንጎል ኤምአርአይ ለታዘዘባት የሳቢያኗ እህቴ

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ ልድገመው። እህታችን የ5 ወር ልጅ አለቻት። ልጅቷ በቀን ብዙ ጊዜ ትደነግጣለች። ሆዷና እግሯ ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ምልክቶች አሉ። ሐኪሙ ቱበረስ ስክለሮሲስ የሚባለውን የዘረመል በሽታ ጠርጥሮ ኤምአርአይ የሚባለውን የአንጎል ፎቶ አዘዘ። እሷ የጠየቀችው፦ ጨረሩ ልጄን አይጎዳትም ወይ? መራመድ መናገሯን ይነግረናል ወይ? ዘመድ ገንዘቡ እስኪሞላ ጠብቁ ይላል፣ ብንጠብቅስ? አክስት ደግሞ "ከናቷ ዘር ነው" ትላለች።

እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፣ ከዚራ። ልጄም ይኸው በሽታ አለበት፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ይህን መንገድ ሄጄበታለሁ።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ፎቶው ጥቂት ቢዘገይ ይዘገይ። ድንጋጤው ግን አይጠበቅም። እስቲ ከእንቅልፏ ስትነቃ ልብ ብለሽ እያት። ሁለት እጇን ብድግ አድርጋ ትዘረጋለች? አንገቷን ደፋ፣ ወገቧን እጥፍ ታደርግና መልሳ ትለቃለች? ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ይደግማታል? እንዲህ በተርታ የሚመጣ ከሆነ የሆድ ቁርጠት ነው ብለሽ እንዳትተዪው። የሕፃናት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ተራው ድንጋጤ በር ሲንኳኳ ወይ ዕቃ ሲወድቅ አንዴ ይመጣና ያልፋል። ይህን ዓይነት የሕፃናት የሚጥል በሽታ መጀመሪያ የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዌስት ነው፣ በ1841 እ.ኤ.አ.። ያየውም በገዛ ልጁ ላይ ነው። እሱም እንደኛ ወላጅ ሆኖ ነው የተጨነቀው።

በስልክሽ ቅረጪው። አፍ ከሚያስረዳው ቪዲዮው ይበልጣል፤ ሐኪሙ ፊት ልጅ ሁልጊዜ አያደርገውም። ቀርጸሽ ዛሬ ነገ ሳትዪ ሕፃናት ሐኪም ጋ ይዘሻት ሂጂ፣ ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራም ጠይቂ። ቱበረስ ላለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ የሚመረጠው መድኃኒት ቪጋባትሪን ነው። በየሰፈሩ ፋርማሲ የሚደረደር መድኃኒት አይደለም፣ ካልተገኘ ሐኪሙ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ሌላ አማራጭ አለው። ቪጋባትሪን ዓይን ሊጎዳ ስለሚችል የዓይን ክትትል ይፈልጋል። አንዱም ቢሆን በገዛ እጅ የሚጀመር ወይም በድንገት የሚቋረጥ አይደለም። ይህ ንዝረት በየቀኑ አንጎሏን እየበጠበጠ ስንት ነገር ትማራለች? ለእድገቷ ከፎቶው በላይ ወሳኙ ይህን ቶሎ ማስቆም ነው።

ወደ ጨረሩ። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፣ በማግኔት ነው የሚሠራው። ጨረር ያለው ሲቲ ስካን ነው። የኤምአርአይ ችግሩ ሌላ ነው፦ ጩኸቱ ከባድ ነው፣ ልጅም ጸጥ ብሎ መተኛት አለበት። በጣም ጨቅላ ከሆነ ጠግቦ ተጠቅልሎ ሊተኛ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ብዙ ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት ይሰጠዋል። ለዚያ ደግሞ ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። የተለመደው የጡት ወተት 4 ሰዓት፣ የቆርቆሮ ወተት 6 ሰዓት፣ ውኃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ማቆም ነው። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ተርቦ የተጠማ ሕፃን ይዞ ወረፋ መጠበቅ ቀልድ አይደለም። ጠዋት የመጀመሪያዋ እንድትሆን ለምኚ። ጉንፋን ወይም ሳል ከያዛት ሳትደብቂ ተናገሪ፣ ቀጠሮው ቢተላለፍ ይሻላል።

ብረት የሚባል ነገር ሁሉ ይወለቃል። የጆሮ ጌጥ፣ አምባር፣ ማተቡ ላይ ያለው መስቀል፣ በብር የታሸገው ሒርዝ፣ የልብሷ ቁልፍ ሳይቀር። እኛ አገር የሚረሳው ኩሉ ነው። አያቶች ለሕፃን ዓይን ኩል ይወዳሉ። ኩል የብረት ቅንጣት ካለበት በዓይን አካባቢ ምስሉን ያበላሻል። እርሳስም ሊኖርበት ስለሚችል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኤምአርአይ ባይኖርም ለሕፃን አይበጅም።

እስከዚያ እርግብግቢቷ ካልገጠመ በእሱ በኩል አልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ርካሽ ነው፣ ማስተኛም አይፈልግም። በአንጎል መሃል ያሉትን የፈሳሽ ክፍተቶች ደህና አድርጎ ያሳያል። የአንጎሉን ላይኛ ሽፋን ግን እንደ ኤምአርአይ አያሳይም፣ ስለዚህ አይተካውም።

አሁን ትራመድ ትናገር ወደሚለው። አቦ፣ ይህን ኤምአርአይ አይመልስልሽም። የሚያሳየው በአንጎሉ ላይ ያሉትን ጠጣር ቦታዎችና በክፍተቶቹ ዳር ያሉትን ትናንሽ እብጠቶች ነው። ለምርመራው ይጠቅማል። ለወደፊቱ ግን ሁለት ልጆች ተመሳሳይ ፎቶ ይዘው የተለያየ ሕይወት ይኖራሉ። ሌላም ነገር አለ፦ የሕፃን አንጎል ውኃ ይበዛበታል። ነርቮችን የሚሸፍነው ስብ የሆነ ሽፋን እስከ 2 ዓመት ገደማ እየተሠራ ነው። በዚህ ዕድሜ አንዳንዱ ጠጣር ቦታ ከአካባቢው ስለማይለይ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ "ፎቶው ንጹሕ ነው" ቢሉሽ በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ በኋላ ይደገማል። በሽታው ከተረጋገጠም አንዳንዱ እብጠት እያደገ ፈሳሹን ሊዘጋ ስለሚችል እስከ 25 ዓመት ድረስ በየ1 እስከ 3 ዓመቱ ይታያል።

ስለዚህ ወረቀቱን ብቻ ተቀብለሽ አትውጪ። ምስሉን በሲዲ ስጡኝ በዪ። እኔ አንድ ቦታ ሪፖርት ብቻ ሰጥተውኝ ሌላው ሐኪም "ምስሉ የታለ?" ብሎ መልሶኛል።

በሽታው እነሱንም ሊነካ ስለሚችል ልብና ኩላሊቷም ይታዩ። በሕፃንነት ልብ ላይ የሚገኘው እብጠት ብዙ ጊዜ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ሲነግሩሽ አትደንግጪ። ዕድገቷን ደግሞ በየጊዜው ለሐኪም አስለኪ፦ ዓይን ለዓይን ታያለች? በደረቷ ተኝታ ራሷን ታነሣለች? ኦቲዝም ከዚህ በሽታ ጋር ሊመጣ ስለሚችል በጊዜ ማወቁ ይጠቅማል።

"ከናቷ ዘር ነው" የምትለዋን አክስት ደግሞ ተያት። ይህ በሽታ ካለባቸው 3 ልጆች ውስጥ በ2ቱ ገደማ ለውጡ በልጁ ላይ አዲስ የመጣ ነው፣ ከአባትም ከእናትም አይደለም። የቀረው ከወላጅ ይወረሳል፣ ወላጁም ምልክቱ ቀላል ሆኖበት ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የሁለታችሁንም ቆዳ ሐኪሙ ይይ። ሌላ ልጅ ከማሰባችሁ በፊት ይህን መልስ ማግኘት አለባችሁ።