ኬፕለር ኮከብ ቆጣሪ ነበር?

ጥያቄ፦ ስለ ሳይንስ ታሪክ የሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ «ኮከብ ቆጣሪው ኬፕለር» የሚል አንብቤ ገረመኝ። ኮከብ ቆጠራ የጥንቆላ ነገር አይደለም እንዴ? «የሥነ ፈለክ ሊቅ» መባል አልነበረበትም?

መልስ፦ ዛሬ በቴሌስኮፕ የሚመራመርን ሰው «ኮከብ ቆጣሪ» ቢሉት ቅር ይለዋል፣ እውነቱንም ነው። በአሁኑ አማርኛ ሁለቱ ቃላት መንገዳቸው ተለያይቷል። ሥነ ፈለክ የሰማይ አካላትን ምንነትና እንቅስቃሴ ያጠናል። ኮከብ ቆጠራ ደግሞ ከዋክብትን አይቶ የሰውን ዕጣ ፈንታ እናገራለሁ ይላል።

ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር ግን ሁለቱን መለየት ይከብዳል። የባቢሎን ሊቃውንት የጨረቃ ግርዶሽ ለንጉሡ መጥፎ ምልክት ነው ብለው ይፈሩ ነበር። ስለፈሩም እያንዳንዱን ግርዶሽ በሸክላ ሰሌዳ ላይ ይመዘግቡ ጀመር። መዝገቡ ለብዙ ትውልድ ሲጠራቀም ግርዶሽ በየ18 ዓመት ከ11 ቀኑ ገደማ ተራውን እንደሚደግም ደረሱበት። ስሌቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። እነዚህን ሰዎች ኮከብ ቆጣሪ ብንላቸው ትክክል ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ብንላቸውም ትክክል ነው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ የነበረው ቶሌሚም ስለ ሁለቱም ጽፏል። ልዩነታቸውን ግን ያውቅ ነበር፦ የፕላኔቶችን ቦታ ማስላት የበለጠ እርግጠኛ ነው፣ በሰው ላይ የሚያመጡትን መናገር ግን የዚያን ያህል አይታመንም ብሏል።

ወደ ኬፕለር እንምጣ። ይህ ጀርመናዊ ፕራግ ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ሲያገለግል ለመኳንንት ኮከብ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው አልዋሸም። እኔን ቅር የሚለኝ፣ ሰውየውን ታላቅ ያደረገው ሥራ በዚያ ስም መሸፈኑ ነው። ኬፕለር ማርስ በክብ ትዞራለች ብሎ ሲያሰላ ውጤቱ የሥነ ፈለክ ሊቁ ቲኮ ብራሄ በዓይኑ ለክቶ ከመዘገበው ጋር በ8 የዲግሪ ደቂቃ (አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ነው) አልገጥም አለ። ይህ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አላት» ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን ልኬቱን አምኖ የራሱን ስሌት ጣለ። በ1609 የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑን አሳተመ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐሳብ ከልኬት ጋር ሲጋጭ ሐሳቡን መጣል፣ ሥነ ፈለክ ከኮከብ ቆጠራ የተለየው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ስለ ሞላላው መንገድ ሲጽፉ «የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር» ይበሉ። ለመኳንንቱ ስለሠራው ሲጽፉ «ኮከብ ይቆጥር ነበር» ቢሉ ነውር የለውም። በዕለት ተዕለት ንግግር «ኮከባችን አልገጠመም» ማለትም ምንም ችግር የለበትም፤ የሚናገረው ሁሉ አማኝ ነው ማለት አይደለም። ሐመል፣ ሠውር፣ ሸርጣን የሚሉት የከዋክብት ስብስብ ስሞችም ከዐረብኛ ስሞቹ ጋር አንድ ናቸው፤ ኮከብ ቆጣሪ ብቻ የሚጠራቸው አይደሉም።

ሳይጠይቁኝ አንድ ልጨምር፤ «ተነበየ» የሚለው ግስም ያምታታል። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ሃሌይ በ1531፣ በ1607 እና በ1682 የታየው ጅራታም ኮከብ አንድ እንደሆነ፣ በ1758 መጨረሻ አካባቢም እንደሚመለስ አስቀድሞ ተናገረ። በ1742 ሞተ። ጅራታሙ ኮከብም በ1758 በዲሴምበር 25 ታየ። «ሃሌይ ተነበየ» ቢባል ስህተት አይደለም፣ «የአየር ትንበያ» እንል የለ። ነገር ግን ቃሉ ከ«ነቢይ» ጋር ዘመድ ነው። ኮከብ ቆጣሪና ሳይንቲስት አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ አንባቢ እንዳይደናገር ለኮከብ ቆጣሪው «ተነበየ»ን ይተዉለት፤ ለሃሌይ «አሰላ» ይበሉ።