ኢንዛይም ይፈጫል ወይስ ያብላላል?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «እንደ ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ስላሉ ተዛማጅ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ለተማሪዎቼ ማስታወሻ ሳዘጋጅ ‹ኑክሊዮሳይድ የሚፈጩ ኢንዛይሞች› ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ ‹የሚያብላሉ› በል አለኝ። የቱ ነው ልክ?»

ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «የምግብ መፈጨት» እያልን ስለኖርን «መፍጨት» ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም። የተፈጨ ጤፍ ተመልሶ ፍሬ አይሆንም። ኑክሊዮሳይድ ማለት ቤዝ የሚባል ሞለኪውልና ስኳር የተጋጠሙበት ነው፤ ቤዙ ዩራሲል ሲሆን ዩሪዲን ይባላል። ዩሪዲን ፎስፎሪሌዝ የተባለውን ኢንዛይም እንይ። በፎስፌት እየታገዘ ዩራሲሉን ከስኳሩ ያላቅቃል፤ ስኳሩ ፎስፌቱን ይዞ ይቀራል። ሁኔታው ሲመች ደግሞ ያው ኢንዛይም መልሶ ያጋጥማቸዋል። ወፍጮ ይህን አያደርግም። ሳይቲዲን ዲአሚኔዝማ ጭራሽ ቤዙንና ስኳሩን አይለያይም። ሳይቲዲን ከተባለው ሌላ ኑክሊዮሳይድ ላይ የአሚኖውን ቡድን አንስቶ ዩሪዲን ያደርገዋል፣ በቃ።

«መብላላት» ግን መለወጥን ይይዛል። ጥንስስ ይብላላል፤ ሐሳብም ይብላላል። ከ«ኢንዛይም»ም ጋር ይዛመዳል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኪዩነ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቃሉን ያበጀው «በእርሾ ውስጥ» ከሚል ግሪክኛ ነው። በ1897 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤድዋርድ ቡክነር ሕያው ሴል በሌለበት የእርሾ ጭማቂ ስኳር አብላልቶ አሳየ። ግዕዛችንም ለቦካው ሊጥ «ብሑእ» አለው። «ቡሖ» ከዚያ ነው። እናቶቻችንም ቡሖውን የሚያቦኩት በ«ቡሃቃ» ነው።

«መብላላት ለፈርመንቴሽን ተይዟል፣ ተማሪው ጠላ ነው የሚያስበው» የሚል ክርክር አለ። እውነት ነው፤ ማፍረሻ የለኝም። ቢሆንም ቃሉን እወደዋለሁ፣ አልተወውም። ላብራቶሪ ውስጥ ግን «ሜታቦላይዝ ያደርጋል» አሸንፏል። ሳልወድ ተቀብያለሁ።

«ግራም ኔጌቲቭ»ን እንዳለ መተውዎ ደግ ነው። «ግራም አሉታዊ» የሚሉትን አልስማማቸውም። ግራም የሚዛኑ ግራም ሳይሆን ባክቴሪያን በቀለም የመለያ ዘዴውን በ1884 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የዴንማርኩ ሐኪም የሃንስ ክርስቲያን ግራም ስም ነው። «አሉታ» ደግሞ የሰዋስው ነው፤ ቦታው «አልመጣም» ላይ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚክዱት ነገር የለም። ወይን ጠጁን ቀለም ይቀባሉ፣ በአልኮል ሲታጠቡ ይለቁታል፣ በሁለተኛው ቀለም ሮዝ ይሆናሉ። እንደሚለቅ ጥለት ማለት ነው። ለክፍልዎ አንዴ «የግራምን ቀለም የማይዙ» ብለው ቢያስረዱልኝ ደስ ይለኛል።