ዘር የሌለው መንደሪን እንዴት ይራባል?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሎስ አንጀለስ ነው የምኖረው፣ ልጆቼ ዘር የሌለው መንደሪን በጣም ይወዳሉ ግን ዘር ከሌለው እንዴት ነው የሚራባው? ደሞ በዲኤንኤ ማርከር ይመረጣል ሲሉ ሰማሁ፣ ጂኑን ቀየሩት ማለት ነው እንዴ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ማርከር ማለት ዲኤንኤው ላይ ያለ ምልክት ነው፣ ስራው እሱን ማንበብ ነው እንጂ ጂን መቀየር አይደለም። የሚራባው ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ እየተጣበቀ ነው፤ እዛው አጠገብሽ ሪቨርሳይድ ላይ የታወቀው ዋሽንግተን ኔቭል ብርቱካን እንደ ፈረንጆቹ በ1870ዎቹ ከመጡ ጥቂት ችግኞች እንዲህ ነው የተባዛው።

አዲስ ዝርያ ለማውጣት ግን ትልቁ ችግር ጊዜ ነው፣ ከዘር የበቀለ ችግኝ እስኪያፈራ አምስት ስድስት ዓመት አንዳንዴም ከዛ በላይ ይፈጃል፣ ያን ሁሉ ዓመት ውሃና መሬት ጨርሶ ፍሬው ሲቆረጥ በዘር ተሞልቶ ቢገኝስ? በጣም ያሳዝናል። ሙካኩ ኪሹ የሚባል ትንሽዬ የጃፓን መንደሪን አለ፣ ዘሩ ገና በለጋነቱ ማደግ ያቆማል፣ ይሄንንም ባህሪ በአበባው ብናኝ በኩል ለግማሽ ያህሉ ልጆቹ ያወርሳል። እነማን እንደወረሱ ለማወቅ ችግኙ ገና ትንሽ እያለ ከቅጠሉ ቆንጠር አድርጎ ዲኤንኤውን ማየት ይቻላል፣ ምልክቱ የሌለበት ይወገዳል። ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ማርከሩ ብዙ ጊዜ የጂኑ ጎረቤት እንጂ ጂኑ ራሱ ስላልሆነ አልፎ አልፎ ያሳስታል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ፍሬው ተቆርጦ መታየቱ አይቀርም።

ሁሉም በዚህ መንገድ አልመጣም ደሞ፣ ታንጎ የሚባለው የካሊፎርኒያ መንደሪን ለምሳሌ ቡቃያው በጨረር ተመቶ የተገኘ ነው።